«በመላ አገሪቱ»፦ በሱዳን የተኩስ አቁም መግለጫዎች ውስጥ የሚደጋገመው የእንግሊዝኛ ቃል ምንን ይሸፍናል?

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኤፕሪል 24 ቀን 2023፣ በካርቱም ጦርነት በተቀሰቀሰ በ10ኛው ቀን፣ የወቅቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ብሊንከን የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ለ72 ሰዓታት ተኩስ ለማቆም መስማማታቸውን አስታወቁ። የእንግሊዝኛው መግለጫ የተኩስ አቁሙን ስፋት የገለጸው «ኔሽንዋይድ» በሚል ቃል ነበር። የአማርኛ ዜናዎች «አገር አቀፍ» ወይም «በመላ አገሪቱ» ሲሉ ተረጎሙት።

በዚያው ኤፕሪል 24፣ ከካርቱም በስተምዕራብ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው የምዕራብ ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ጄኔይና፣ የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች ኋላ ላይ «የዘር ማጽዳት» ሲል የጠራው የጥቃት ዘመቻ ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በዚያ ዓመት በዚህች አንዲት ከተማ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ሰዎች መገደላቸውን የስለላ ምንጮችን ጠቅሶ ለጸጥታው ምክር ቤት አስታውቋል።

ስለዚህ ቃሉ በመግለጫው ላይ የሸፈነው መሬትና በተግባር ተኩስ የቆመበት መሬት እጅግ የተራራቁ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የቃሉን ፍቺ፣ በአማርኛና በዐረብኛ የሚይዘውን መልክ፣ እንዲሁም በሱዳን ጦርነት የነበረውን አጠቃቀም ያብራራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ የተለየ ማመልከቻ ካልተጨመረ በቀር፣ ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

«ኔሽንዋይድ» ከሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ኔሽን» አገርን ወይም ሕዝብን፣ «ዋይድ» ደግሞ ስፋትን ያመለክታል። በእንግሊዝኛ «ዋይድ» ከስም ኋላ ሲቀጠል «ከዳር እስከ ዳር» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ከተማን ከዳር እስከ ዳር ለማለት «ሲቲዋይድ»፣ ዓለምን በሙሉ ለማለት «ወርልድዋይድ» ይባላል።

ቃሉ ሁለት ሰዋስዋዊ አገልግሎቶች አሉት። ከስም በፊት ሲመጣ ቅጽል ይሆናል፤ የተኩስ አቁሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግረናል። ከግሥ ጋር ሲሄድ ደግሞ ተውሳከ ግሥ ይሆናል፤ ተኩሱ የት የት እንደሚቆም ይገልጻል። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች መጨረሻቸው ላይ «ሊ» የሚል ቅጥያ ሲኖራቸው፣ ይህኛው በሁለቱም አገልግሎቱ መልኩን አይለውጥም።

አማርኛ ግን ሁለቱን በግልጽ ይለያቸዋል። ቅጽሉ «አገር አቀፍ የተኩስ አቁም» ተብሎ ከስሙ ፊት ይቆማል። ተውሳከ ግሡ «ተኩስ በመላ አገሪቱ ይቆማል» ተብሎ «በ» የሚለውን መስተዋድድ ይዞ ይመጣል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቃሉ የሚናገረው ስለ ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። ውሉ እነማንን እንደሚያስር፣ የትኞቹን ድርጊቶች እንደሚከለክልና አፈጻጸሙን ማን እንደሚቆጣጠር አይናገርም። «በመላ አገሪቱ» የሚለው ሐረግ ግን ሲሰማ ሁሉንም የያዘ ይመስላል። የሱዳን ተሞክሮ ደጋግሞ ያሳየው ይህንን ክፍተት ነው።

«አገር አቀፍ» እና «በመላ አገሪቱ» አንድ ናቸው?

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱን አቀያይረን እንጠቀምባቸዋለን። ይሁን እንጂ «አገር አቀፍ» ብዙውን ጊዜ ደረጃን ያመለክታል። አገር አቀፍ ተቋም የሚባለው ሥልጣኑ ከአንድ ክልል በላይ የሆነ ተቋም ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በዋና ከተማዋ ብቻ ሊገኝ ይችላል። «አገር አቀፍ ጉባኤ» ስንልም ጉባኤው የሚካሄደው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው።

«በመላ አገሪቱ» ግን ወደ ቦታ ያዘነብላል። «በመላ አገሪቱ ዝናብ ይጥላል» ሲባል አድማጩ የእኔም ቀዬ አለበት ብሎ ያስባል። በመሆኑም «አገር አቀፍ የተኩስ አቁም» የሚለውን አንባቢ «በአገር ደረጃ የተደረሰ ስምምነት» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የእንግሊዝኛውን ሐሳብ በትክክል ለማስተላለፍ «በመላ አገሪቱ ተፈጻሚ የሚሆን የተኩስ አቁም» ማለት ይበልጥ ግልጽ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ቃል «በሰፊው» ነው። በእንግሊዝኛ «ዋይድሊ» የሚባለው ተውሳከ ግሥ በብዙ ቦታ ወይም በብዙ ሰዎች ዘንድ የሆነን ነገር ይገልጻል። አማርኛው «በሰፊው» ግን «በዝርዝር» የሚል ትርጉምም አለው፤ «ጉዳዩን በሰፊው አብራሩት» እንደምንለው። በደርግ ዘመን ጆሮ የለመደው «ሰፊው ሕዝብ» ደግሞ ስለ ብዛት እንጂ ስለ መልክዓ ምድር የሚናገር አልነበረም። ስለዚህ አንድ ዘገባ የተኩስ አቁሙ «ዋይድሊ» ተጥሷል ሲል፣ «በበርካታ አካባቢዎች ተጥሷል» ብሎ መተርጎሙ ብዥታን ያስወግዳል።

በዜናዎች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ሦስተኛው ቃል «ላርጅሊ» ሲሆን፣ «በአብዛኛው» ማለት ነው። የተኩስ አቁሙ «በአብዛኛው ተከብሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር መልካም ዜና ይመስላል። ሆኖም ያልተከበረበት ቦታ መኖሩንም በውስጡ ይናገራል፤ ያ ቦታ የት እንደሆነ ካልተጠቀሰ በዚያ ለሚኖር ሰው መረጃው ጎደሎ ነው።

የአንድ ቃል ትርጉም አገርን እስከ ጦርነት ሊያደርስ እንደሚችል ኢትዮጵያውያን ከታሪካቸው ያውቁታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ የአማርኛው አንቀጽ 17 ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ የሚገልጽ ነበር። ኢጣልያ ግን የራሷን ቅጂ ይዛ አንቀጹን እንደ ግዴታ ተረጎመችው። ልዩነቱ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ወደ ተካሄደው የዐድዋ ጦርነት አመራ።

በዐረብኛ «ሻሚል»፣ በሰነዱ ላይ ግን ዳርፉር የለም

በሱዳን ፖለቲካ ስፋትን የሚያመለክተው ታዋቂ የዐረብኛ ቃል «ሻሚል» ነው። ትርጉሙ «ሁሉን አቀፍ» ወይም «አጠቃላይ» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚገጥመው «ኮምፕሪሄንሲቭ» ሲሆን፣ ተውሳከ ግሡ «ኮምፕሪሄንሲቭሊ» ይባላል።

ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ውስጥ በሱዳን መንግሥትና በሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ንቅናቄ መካከል የተፈረመው ውል በይፋ የሚጠራው «ሁሉን አቀፍ የሰላም ስምምነት» ተብሎ ነው። ፈራሚዎቹ በመንግሥት በኩል ምክትል ፕሬዝዳንት የነበሩት አሊ ኦስማን ታሃ፣ በንቅናቄው በኩል ደግሞ ጆን ጋራንግ ነበሩ። ስምምነቱ በአፍሪካ ከታዩት ረጅም የእርስ በርስ ጦርነቶች አንዱን ቋጭቷል፤ ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻ አገር የሆነችውም በእርሱ መሠረት በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ነው።

ይሁን እንጂ ሰነዱ ሲፈረም የዳርፉር ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ለመድፈን ተቃርቦ ነበር። በ2003 መሣሪያ ያነሱት የዳርፉር ታጣቂዎች የስምምነቱ አካል አልነበሩም። «ሁሉን አቀፍ» የተባለው ውል ያቀፈው በሰሜንና በደቡብ መካከል የነበሩትን ጉዳዮች እንጂ፣ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ይካሄዱ የነበሩትን ጦርነቶች በሙሉ አልነበረም።

ኦክቶበር 3 ቀን 2020 ጁባ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነትም ተመሳሳይ ክፍተት ነበረበት። በርካታ ንቅናቄዎች ቢፈርሙም፣ በአብደል አዚዝ አል-ሂሉ የሚመራው የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ንቅናቄ ሰሜን ክንፍና በአብዱል ዋሂድ አል-ኑር የሚመራው የሱዳን ነጻነት ንቅናቄ ከውሉ ውጭ ቀሩ።

ሁለት ፈራሚ፣ አንድ «መላ አገር»

በ2023 አሜሪካና ሳዑዲ ዐረቢያ ጄዳ ላይ ባካሄዱት ሽምግልና ተከታታይ ስምምነቶች ተደርሰው ነበር። ሜይ 11 ሁለቱ ወገኖች ሲቪሎችን ለመጠበቅ ቃል ገቡ። ሜይ 20 የተፈረመው የአጭር ጊዜ ተኩስ አቁም በካርቱም ሰዓት አቆጣጠር ሜይ 22 ከምሽቱ 3፡45 ጀምሮ ለሰባት ቀናት የሚጸና ነበር፤ ኋላም በአምስት ቀናት ተራዘመ። የሱዳን ጦር ሜይ 31 ከንግግሩ ራሱን ማግለሉን አስታወቀ።

ይህ ስምምነት ከቀደሙት መግለጫዎች በአንድ ጉዳይ ይለያል። የሁለቱ ወገኖችና የአሸማጋዮቹ ተወካዮች የሚገኙበት የክትትል ኮሚቴ እንዲቋቋም ይደነግግ ነበር። ስፋትን የሚገልጸው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከታተለው አካል ጋር ተያይዞ ቀረበ ማለት ነው። ያም ሆኖ ውጊያው አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ጁን 10 የጀመረ የ24 ሰዓታት፣ ጁን 18 የጀመረ የ72 ሰዓታት የተኩስ አቁም ታወጀ። ሁለቱም መላ ሱዳንን እንዲሸፍኑ የታሰቡ ነበሩ። የኋለኛው ጁን 21 ማለዳ ላይ አበቃ። በዚያው ዕለት የሱዳን ጦር የአል-ሂሉ ኃይሎች የቆየውን የተኩስ አቁም ጥሰው በደቡብ ኮርዶፋን ካዱግሊ ጥቃት ሰንዝረዋል ሲል ከሰሰ።

የአል-ሂሉ ንቅናቄ የጄዳ ፈራሚ አልነበረም። በካዱግሊ ለሚኖር ሰው «በመላ አገሪቱ» የሚለው ቃል የእርሱን ከተማ ይጨምራል፤ ከከተማው ዙሪያ ከሰፈሩት ኃይሎች አንዱን ግን አያስርም። አንድ ስምምነት በቦታ ሰፊ፣ በፈራሚ ጠባብ ሊሆን ይችላል ሲባል ይህን ማለት ነው።

ከዳርፉር ያልወጣው ማዕቀብ

ቃሉ ባለመኖሩ ምክንያት ትልቅ ልዩነት የተፈጠረበት ሰነድም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2004 በውሳኔ 1556 በዳርፉር በሚንቀሳቀሱ መንግሥታዊ ባልሆኑ ታጣቂዎች ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። በማርች 2005 በውሳኔ 1591 ማዕቀቡን በዳርፉር ወደሚገኙ ተፋላሚዎች በሙሉ አሰፋው።

ማዕቀቡ በወገን ሰፋ፤ በቦታ ግን ዳርፉር ላይ ቆመ። በ2023 ጦርነቱ ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ኮርዶፋን፣ ወደ ጀዚራና ወደ ሌሎች ግዛቶች ሲዛመት የሕጉ ወሰን አልተለወጠም። ወደ ካርቱም ወይም ወደ ፖርት ሱዳን የሚገባ መሣሪያ በዚህ ማዕቀብ ጽሑፍ አይከለከልም።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ቡድን በሴፕቴምበር 2024 ማዕቀቡ መላ ሱዳንን እንዲሸፍን ጠየቀ። በዚያው ወር የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀቡን ለአንድ ዓመት ሲያራዝም ወሰኑን በዳርፉር እንደ ተገደበ ተወው። በተኩስ አቁም መግለጫዎች ውስጥ ያለ ችግር የሚጻፈው «በመላ አገሪቱ»፣ አስገዳጅ በሆነው የማዕቀብ ውሳኔ ውስጥ ሳይጻፍ ቀረ።

በተቃራኒው፣ ስፋትን ጠበብ አድርጎ መናገር ይበልጥ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በኦገስት 2024 የምግብ ዋስትናን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ገምጋሚ ኮሚቴ ረሃብ መከሰቱን ሲያረጋግጥ፣ የጠቀሰው ቦታ በኤል ፋሽር አቅራቢያ የሚገኘውን የዛምዛም መጠለያ ጣቢያ ነበር። ይህ ማለት ሌላው የሱዳን ክፍል ጠግቦ አድሯል ማለት አይደለም። ረሃብ የሚባለው ደረጃ ማስረጃ በተገኘበት በእያንዳንዱ አካባቢ የሚታወጅ በመሆኑ ነው። «በመላ ሱዳን ረሃብ ታወጀ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል፤ «በሱዳን ረሃብ የለም» ማለትም እንዲሁ።

አሉታ ሲጨመር ትርጉሙ ይከፈላል

ስፋትን የሚያመለክት ቃል ከአሉታዊ ግሥ ጋር ሲጋጠም ሌላ ችግር ይመጣል። «የተኩስ አቁሙ በመላ አገሪቱ አልተከበረም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። አንድ አንባቢ «የትም ቦታ አልተከበረም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ሌላው ደግሞ «የተከበረባቸው ቦታዎች ቢኖሩም ሁሉም ዘንድ አልደረሰም» ብሎ ይወስደዋል።

እንግሊዝኛውም ከዚህ ችግር አያመልጥም፤ አሉታው ከቃሉ ጋር ወይም ከግሡ ጋር ሊታሰር ይችላልና። በአማርኛ መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ማፍታታት ነው። «የትም ቦታ አልተከበረም» ወይም «የተከበረው በአንዳንድ አካባቢዎች ብቻ ነው» ሲባል ጥርጣሬ አይኖርም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ ከቤት የመውጣትና ያለመውጣት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

«ካርቱም» ስንል የቱን ካርቱም?

ስፋት ከአገር ዝቅ ብሎ በከተማም ይለካል። ነጭና ጥቁር ዐባይ የሚገናኙባት መዲና በውኃ የተለያዩ ሦስት ከተሞች አሏት፤ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ። ከዚህ ሌላ ሦስቱንም ከገጠር አካባቢያቸው ጋር የሚይዘው ግዛት «የካርቱም ግዛት» ይባላል። በጦርነቱ ውስጥ አንዱ ከተማ ጸጥ ባለበት ጊዜ ከወንዙ ማዶ መድፍ የሚተኮስባቸው ወራት ብዙ ነበሩ።

ማርች 21 ቀን 2025 ጦሩ የሪፐብሊካን ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ። ሜይ 20 ደግሞ የካርቱም ግዛት ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል «ሙሉ በሙሉ» ነጻ መውጣቱን አስታወቀ። እዚህ ላይ ያለው ተውሳከ ግሥ የሚለካው በምድር ላይ ያለን የተዋጊ ይዞታ ነው። ሰማዩን አይጨምርም። በኦክቶበር 2025 የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ለአገር ውስጥ በረራ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አካባቢው በድሮኖች ተጠቅቷል። ተዋጊዎች ለቅቀው የወጡበት ቦታ ሁሉ ከጦር መሣሪያ ርቀት ውጭ አይደለም።

አንባቢ ምን ይጠይቅ?

ስፋትን የሚገልጽ ቃል ያለበት የተኩስ አቁም ዜና ሲወጣ አምስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የቦታ ጥያቄ ነው፦ ሰነዱ ግዛቶችንና ከተሞችን በስም ይዘረዝራል ወይስ «በመላ አገሪቱ» ብሎ ያልፋል?

ሁለተኛው የወገን ነው፦ የፈረሙት እነማን ናቸው? በአካባቢው የሚንቀሳቀስ ያልፈረመ ኃይል አለ?

ሦስተኛው የድርጊት ነው፦ የተከለከለው ተኩስ ብቻ ነው ወይስ የአየር ድብደባ፣ የድሮን ጥቃት፣ የወታደር እንቅስቃሴና የከተማ ከበባም ጭምር?

አራተኛው የጊዜ ነው፦ የሚጀምረውና የሚያበቃው በየትኛው ሰዓት ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ከሌሊቱ 6 ሰዓት» የሚባለው በሱዳን 12 ሰዓት ነው፤ ማለዳ «12 ሰዓት» የምንለው ደግሞ በሱዳን 6 ሰዓት ነው። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚነሣ መንገደኛ ስድስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል።

አምስተኛው የክትትል ነው፦ ጥሰት ሲፈጸም የሚመዘግብና የሚናገር አካል ተሰይሟል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለዲፕሎማቶች ብቻ የሚተዉ አይደሉም። ካርቱም ውስጥ እንደ ዴምና ጀሪፍ ባሉ ሰፈሮች ለዓመታት የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጦርነቱ ሲጀመር ዜና እየተከታተሉ መውጫ ቀን መምረጥ ነበረባቸው። ወደ ኢትዮጵያ ከሚወስዱት መንገዶች ዋነኛው በዋድ መደኒና በገዳሪፍ አልፎ ገላባት ይደርሳል፤ ድንበሩን ሲሻገሩ መተማ ይገባል። ዋድ መደኒ በዲሴምበር 2023 በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀች፤ ጦሩ መልሶ የያዛት በጃንዋሪ 2025 ነው።

ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የሚያስፈልገው ስፋት የመላ ሱዳን ስፋት አይደለም። ከቤቱ በር እስከ ገላባት ያለው መንገድ በዚያች ቀን ክፍት መሆኑን ማወቅ ነው። «በመላ አገሪቱ» የሚል ዜና የሚጽፍም ሆነ የሚተረጉም ጋዜጠኛ፣ ቃሉ ያን መንገድ ይጨምር እንደሆነ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ቢያብራራ ለአንባቢው ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል።